ነርቭ በምን ይናገራል? የኬሚካል መልእክተኞች ታሪክ

እሾህ የወጋው እግር ከመሬት የሚነሳው ባለቤቱ «አመመኝ» ለማለት አፉን ሳይከፍት ነው። ይህን ያህል የሚፈጥን ነገር ኤሌክትሪክ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም ብሎ ማሰብ ለብዙ ዘመን የአዋቂዎች ሐሳብ ነበር። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በ1791 ባሳተመው ጽሑፍ የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚወራጭ ካስታወቀ ወዲህ፣ ነርቭ የኤሌክትሪክ መሄጃ መንገድ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰደደ።

ሐሳቡ ግማሽ እውነት አለው። በአንድ ነርቭ ውስጥ የሚሮጠው ምልክት በእርግጥም ኤሌክትሪካዊ ነው። ችግሩ ያለው ነርቩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። የነርቭ ጫፍ ከጡንቻ፣ ከልብ ወይም ከሌላ ነርቭ ጋር ሲገናኝ መልእክቱ እንዴት ይሻገራል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በመካከሉም የአዳኞች መርዝ፣ የአልቅት ጡንቻ፣ የታሰረ ፕሮፌሰርና የገዛ እምነቱን በገዛ ሙከራው ያፈረሰ ተመራማሪ ገብተውበታል። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀስት መርዝና የማይታየው ክፍተት

በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ክሎድ በርናር የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡትን ኩራሬ የተባለ መርዝ ይመረምር ነበር። በኩራሬ የተመታ እንስሳ ሰውነቱ ይዝልና መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። በርናር በእንቁራሪት ላይ ሲሞክረው አንድ እንግዳ ነገር አየ። ነርቩን በኤሌክትሪክ ሲነካው ጡንቻው አይንቀሳቀስም፤ ጡንቻውን ራሱን ሲነካው ግን ይኮማተራል። ጡንቻው ደኅና ነው፤ ትእዛዙ ግን አልደረሰውም። በርናር መርዙ የሚጎዳው ነርቩን ነው ብሎ ደመደመ። ጥፋቱ ከየት በኩል እንደሆነ በትክክል ለመለየት ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀርቶ ነበር።

የነርቭን ኤሌክትሪክ በመለካት ስሙ የገነነው የበርሊኑ ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን በ1877 ነገሩን በሁለት ከፈለው፤ ነርቭ ጡንቻን የሚቀሰቅሰው ወይ በኤሌክትሪክ ነው፣ ወይ ደግሞ ከጫፉ በሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያረጋግጥበት መሣሪያ ግን በእጁ አልነበረም።

መጀመሪያ መታወቅ የነበረበት በእርግጥ የሚሻገሩት ክፍተት መኖሩ ነው። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 የነርቭ ሴሎችን በብር ጨው እያጠቆረ በማይክሮስኮፕ የሚያሳይ ዘዴ አገኘ፤ ያየውንም ሲተረጉም ነርቮች ሁሉ ሳይቋረጡ የተያያዙ አንድ መረብ ናቸው አለ። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ያንኑ ዘዴ አሻሽሎ ከ1888 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ተቃራኒውን አሳየ፤ እያንዳንዱ የነርቭ ሴል ለብቻው የቆመ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ይቀራረባል እንጂ አይዋሐድም። በ1906 የኖቤል ሽልማትን ለሁለት ሲካፈሉ ጎልጂ የሽልማት ንግግሩን የተጠቀመበት ከጎኑ የተቀመጠው ተሸላሚ የሚያራምደውን ሐሳብ ለመንቀፍ ነበር። ጊዜ ግን የፈረደው ለካሃል ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን በ1897 ያን መገናኛ ቦታ «ሲናፕስ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ እንደምናውቀው በአብዛኛው የአንጎል ሲናፕስ ውስጥ ያለው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ለሃምሳ ሺህ ቢካፈል የሚደርሰውን ያህል ነው። በጊዜው የነበረ ማይክሮስኮፕ ሊያየው አይችልም።

ካምብሪጅ፦ ላኪውና ተቀባዩ

ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠው ዕጢ የሚገኘው አድሬናሊን በዘመኑ መነጋገሪያ ነበር። ወደ ደም ሲገባ ልብን ያፈጥናል፤ የደም ግፊትንም ያንራል። በካምብሪጅ የጆን ላንግሊ ተማሪ የነበረው ወጣቱ ቶማስ ኤልየት ይህ ሁሉ ሲምፓቴቲክ የተባሉት ነርቮች ከሚሠሩት ሥራ ጋር እንደሚመሳሰል አስተዋለ። በ1904 ባቀረበው አጭር ጽሑፍ፣ ምልክቱ ነርቩ ጫፍ በደረሰ ቁጥር የሚለቀቀው ንጥረ ነገር አድሬናሊን ይሆን እንዴ የሚል ግምት ሰነዘረ። ታላላቆቹ አላበረታቱትም። ኤልየትም ወደ ሕክምና ሥራ ዞረ፤ ሐሳቡ ተዳፍኖ ቀረ።

መምህሩ ላንግሊ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለዚህ ታሪክ ሁሉ ቁልፍ የሆነውን ነገር አገኘ። የአንድን የዶሮ ጡንቻ ነርቭ ቆርጦ ነርቩ እስኪበሰብስ ከጠበቀ በኋላ ጡንቻው ላይ ኒኮቲን ቢያደርግ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ኩራሬ ሲጨምርበት ደግሞ መኮማተሩ ይዳከማል። ነርቩ በሌለበት ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ የሚሠሩት ጡንቻው ላይ ነው ማለት ነው። ላንግሊ በጡንቻው ውስጥ «ተቀባይ ንጥረ ነገር» አለ አለ። ኩራሬ የሚዘጋው እሱን ነው። በርናር ላኪውን ከሶ ነበር፤ የተዘጋው ግን ተቀባዩ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ይህን መያዝ ይበጃል፤ የነርቭ መልእክት ትርጉም የሚወሰነው በተላከው ነገር ሳይሆን በሚቀበለው ነው።

ከላንግሊ ዘንድ የተማረው ሌላው ወጣት ሄንሪ ዴል በ1904 ለንደን በሚገኘው የዌልካም መድኃኒት ድርጅት ቤተ ሙከራ ተቀጠረ። ሥራው ራይ በተባለ እህል ላይ የሚበቅለውንና ኤርጎት የሚባለውን ፈንገስ መመርመር ነበር። ከዚሁ ፈንገስ ከተዘጋጁት አንዱ ቅመም የድመትን ልብ ክፉኛ ሲያዘገይ ተመለከተ፤ የሥራ ባልደረባው አርተር ዩዊንስም ንጥረ ነገሩን ለይቶ አሴቲልኮሊን መሆኑን አወቀ። ዴል በ1914 ባሳተመው ጥናት አሴቲልኮሊን ሁለት ዓይነት ጠባይ እንዳለው ጻፈ። በአንዳንድ አካል ላይ መስካሪን የተባለውን የእንጉዳይ መርዝ ይመስላል፤ በሌላው ላይ ኒኮቲንን ይመስላል። የመጀመሪያውን ጠባይ አትሮፒን ያስቆመዋል፤ በአገራችን አስተናግር ወይም አጤፋሪስ የሚባለው ተክል በውስጡ ከያዛቸው መርዞች አንዱ ይኸው አትሮፒን ነው። ዴል በተጨማሪ የአሴቲልኮሊን ኃይል ወዲያው እንደሚጠፋ አይቶ፣ በሰውነት ውስጥ በፍጥነት የሚያፈርሰው ነገር ሳይኖር አይቀርም ሲል ገመተ። ነገር ግን ንጥረ ነገሩ ከፈንገስ የተገኘ ነው፤ በእንስሳ ሰውነት ውስጥ ስለመኖሩ ማስረጃ አልነበረም። በዚያው ዓመት የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ዴልም ወደ ሌላ ሥራ ዞረ።

በግራትስ ከተማ ሁለት ልቦች

ኦቶ ሎዊ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ነበር። በ1903 እንግሊዝ በሄደበት ጊዜ ከዴልና ከኤልየት ጋር ተዋውቋል። ነርቭ በኬሚካል ይናገራል የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ በልቡ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እንዴት እንደሚፈተን ግን መንገዱ አልታየውም።

ከዓመታት በኋላ ሎዊ ራሱ እንደተረከው በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ነቅቶ አንድ ሐሳብ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና መልሶ ተኛ። ሲነጋ የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐሳቡ ተመልሶ መጣለት። አሁን ወረቀት አላመነም፤ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

ሙከራው ቀላል ነበር። ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን አውጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ እንዲመቱ አደረገ። አንደኛው ከነቬገስ ነርቩ ነው፤ ሁለተኛው ነርቭ የለውም። ቬገስ ልብን የሚያዘገይ ነርቭ ነው። ሎዊ የመጀመሪያውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሰው ልቡ ዘገየ። ከዚያ በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ወደ ሁለተኛው ልብ አስገባ። ነርቭ የሌለው፣ ማንም ያልነካው ልብም ዘገየ። ልብን የሚያፈጥነው ነርቭ ሲቀሰቀስ የተወሰደው ፈሳሽ ደግሞ ሁለተኛውን ልብ አፈጠነው። በሁለቱ ልቦች መካከል የሄደው ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ መልእክቱ በፈሳሹ ውስጥ ነው።

ሎዊ ውጤቱን በ1921 አሳተመ። ማንነቱን ገና ያላወቀውንም ንጥረ ነገር «የቬገስ ንጥረ ነገር» አለው። ሁሉም ግን አላመነውም። ሌሎች ሲሞክሩት አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። የእንቁራሪቱ ዓይነት፣ ወቅቱና ሙቀቱ ሁሉ ውጤቱን ይለውጣል፤ ንጥረ ነገሩ ፈጥኖ በሚፈርስበት ልብ ላይ የሞከረ ሰው ምንም አያገኝም። ሎዊ በ1926 በስቶክሆልም በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ በባልደረቦቹ ፊት ሙከራውን አሥራ ስምንት ጊዜ ደጋግሞ አሳየ።

በዚያው ዓመት ሌላ ድል መጣ። በዛሬዋ ናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ የሚበቅለው የካላባር ባቄላ በቀድሞ ጊዜ በወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎች እንዲጠጡት ይደረግ የነበረ የፍርድ መርዝ ነው። ከሱ የሚወጣው ፊዞስቲግሚን የቬገስን ንጥረ ነገር የሚያፈርሰውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ሎዊና ባልደረባው አሳዩ። አሁን ሦስቱም የመልእክቱ ደረጃዎች ታወቁ፤ መለቀቅ፣ መቀበልና መወገድ። ከዚያ በኋላ የመጡት የነርቭ መድኃኒቶችም ሆኑ መርዞች በአብዛኛው ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ላይ የሚሠሩ ናቸው።

አልቅቱ፣ ሐኪሟና ስደተኞቹ

በ1929 ዴልና ሃሮልድ ደድሊ ከፈረስና ከበሬ ጣፊያ አሴቲልኮሊን አወጡ። የፈንገስ ቅመም ይባል የነበረው ነገር በእንስሳ አካል ውስጥ ተገኘ። የቀረው ነርቭ ሲሠራ በእርግጥ እንደሚለቀቅ ማሳየት ነው፤ የሚለቀቀው መጠን ግን በዘመኑ የኬሚስትሪ ዘዴ ሊለካ የማይችል ኢምንት ነው።

መፍትሔው ከበርሊን በስደት መጣ። ቪልሄልም ፌልድበርግ በፊዞስቲግሚን የተነከረ የአልቅት ጡንቻ እጅግ ትንሽ አሴቲልኮሊን ሲያገኝ እንኳ እንደሚኮማተር ያውቅ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባረረ። ዴል ለንደን ወደሚመራው ተቋም አስመጣው፤ አልቅቱም አብሮት መጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ፌልድበርግና ባልደረቦቹ አሴቲልኮሊንን ከአንዱ የነርቭ ጫፍ ወደ ሌላው እየተከተሉ ለኩት። በ1936 ዴል፣ ፌልድበርግና ከጀርመን የወጣችው ማርተ ፎክት እጅና እግርን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮችም ጡንቻን የሚያዙት በዚሁ ንጥረ ነገር እንደሆነ አሳዩ።

ይህን ሁሉ ወደ ታካሚ አልጋ ያደረሰችው ሜሪ ዎከር ናት። ለንደን ግሪኒች በሚገኝ ሆስፒታል የምትሠራው ይህች ሐኪም ሚያስቴኒያ ግራቪስ የተባለውን ጡንቻን የሚያዝል ሕመም ታክም ነበር። የሕመሙ ምልክት ከኩራሬ መርዝ ጋር እንደሚመሳሰል አሰበች፤ ለኩራሬ ማርከሻው ፊዞስቲግሚን ከሆነ ለዚህስ? በ1934 መርፌውን ሰጥታ ያየችውን አሳተመች። የወደቀ የዐይን ሽፋን ተነሣ፤ መዋጥ ያቃተው ጉሮሮ ዋጠ። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ቢሆንም ሠራ። የፍርድ መርዝ የነበረው ፍሬ መድኃኒት ሆነ።

ዴልና ሎዊ በ1936 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። በዚያው ዓመት በጀርመን ጌርሃርት ሽራደር የተባለ ኬሚስት የተባይ ማጥፊያ ሲፈልግ ታቡን የተባለውን እጅግ አደገኛ የነርቭ ጋዝ ሠራ። የሚያግደው ያንኑ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ነው። መልእክቱ ሳይወገድ ሲቀር ምራቅና ላብ ይጎርፋል፤ ጡንቻ ይንቀጠቀጥና ይዝላል፤ ትንፋሽ ይቆማል። ዛሬ በእርሻ ላይ የሚረጩት እንደ ማላታዮን ያሉ የተባይ መድኃኒቶች የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በእነሱ ለተመረዘ ገበሬ ሐኪም አትሮፒን የሚሰጠው ተቀባዩን ዘግቶ የተትረፈረፈውን መልእክት ለማርገብ ነው።

በመጋቢት 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ሲገባ ሎዊ በሌሊት ከአልጋው ተወሰደ። ሊገድሉኝ ነው ብሎ ስላሰበ እስር ቤት ሆኖ የመጨረሻ ምርምሩን ውጤት በፖስት ካርድ ጽፎ ለሳይንስ መጽሔት እንዲላክለት ለመነ። ከአገር እንዲወጣ የተፈቀደለት ስቶክሆልም ባንክ የነበረውን የኖቤል ገንዘቡን ናዚዎች ወደሚቆጣጠሩት ባንክ ካዛወረ በኋላ ነው። በመጨረሻ ኒው ዮርክ ገባ፤ እዚያው ሲያስተምር ኖሮ በ1961 ዐረፈ።

እምነቱን ያፈረሰው ሰው

ኬሚካሉ ለልብና ለጡንቻ ይሁን፤ ለአንጎልስ? በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ሲናፕስን ለመሻገር የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ በታች ነው። ብዙ የነርቭ ኤሌክትሪክ ሊቃውንት ኬሚካል ይህን ያህል ሊፈጥን አይችልም ይሉ ነበር። ከእነሱ ሁሉ ብርቱው ተሟጋች አውስትራሊያዊው ጆን ኤክልስ ነው። በየስብሰባው ከዴል ጋር ይከራከራል፤ ከስብሰባ ውጭ ግን ወዳጅነታቸው የጠበቀ ነበር።

ኤክልስ በ1944 ኒው ዚላንድ ሲገባ ከቪየና የተሰደደውን ፈላስፋ ካርል ፖፐርን አገኘ። ፖፐር የሰጠው ምክር አንድ ሐሳብ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ውርደት የለውም፤ ይልቅስ በሙከራ ሊፈርስ በሚችልበት መንገድ አጥርተህ አስቀምጠው የሚል ነበር። ኤክልስም ኤሌክትሪካዊ ሐሳቡን ጥርት አድርጎ ጻፈው። በ1951 ዳኒደን ከተማ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እጅግ ቀጭን የመስታወት ኤሌክትሮድ በድመት ህብለ ሰረሰር ውስጥ ባለ አንድ የነርቭ ሴል ውስጥ አስገባ። የሚያግድ ነርቭ ሲቀሰቀስ በሴሉ ውስጥ የሚታየው ለውጥ እሱ ከተነበየው ተቃራኒ ሆነ። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚብራራ አልነበረም፤ ኬሚካል መሆን ነበረበት።

ኤክልስ አላንገራገረም። ሽንፈቱን በአደባባይ ተቀብሎ የዴል ወገን ሆነ፤ ዴልም ይህን መመለስ ከጳውሎስ የደማስቆ መንገድ ጋር አመሳሰለው። ተሸናፊው ወገን ግን ፈጽሞ ባዶ እጁን አልቀረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤድዊን ፈርሽፓንና ዴቪድ ፖተር በአንድ የውኃ እንስሳ ነርቮች መካከል ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሲሻገር አሳዩ። እንዲህ ያሉ ሲናፕሶች በእኛም አንጎል አሉ፤ ብዛታቸው ግን ከኬሚካሎቹ በጣም ያነሰ ነው።

ኬሚካሉ እንዴት ያን ያህል እንደሚፈጥን ያብራራው ከላይፕዚግ ወደ ለንደን የተሰደደው በርናርድ ካትዝ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እሱና ፖል ፋት ነርቭ ባልተቀሰቀሰበት ሰዓት እንኳ ጡንቻው ላይ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ምልክቶች ሲፈነጥቁ አዩ። ሁሉም በመጠን ይመሳሰላሉ። ነርቩ ሲቀሰቀስ የሚመጣው ትልቅ ምልክትም የእነዚህ ደቃቆች ድምር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አሴቲልኮሊን የሚለቀቀው እየተንጠባጠበ ሳይሆን አስቀድሞ ተለክቶ በተዘጋጀ ጥቅል ነው። በዚያው ጊዜ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የነርቭን ጫፍ ሲያሳይ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ተገኘ። እያንዳንዱ ከረጢት በሺዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ይይዛል። ኤሌክትሪኩ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካልሲየሙ ከረጢቶቹ ከዳርቻው ጋር ተዋሕደው ይዘታቸውን እንዲለቁ ያደርጋል። ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተሰናድቶ፣ ርቀቱም ኢምንት ሆኖ ሳለ ሥራው ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ በታች ማለቁ አያስደንቅም።

ከማይነቃነቁት ጥንቸሎች እስከ ታካሚው አልጋ

እስከ 1950ዎቹ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ሲመረቱ በመካከል የሚታይ መሸጋገሪያ እንጂ የራሱ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 ለጥንቸሎች ሬዘርፒን ሰጠ። ይህ መድኃኒት ከሕንድ ተክል የሚገኝና ለደም ግፊት የሚታዘዝ ሲሆን የነርቭ ጫፎችን ክምችት ያራቁታል። ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን ጥለው ካሉበት ሳይነቃነቁ ቀሩ። ካርልሰን በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ኤል ዶፓ ሲወጋቸው በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥተው ተንቀሳቀሱ። ዶፓሚኑን ራሱን ያልሰጠበት ምክንያት አለ፤ ዶፓሚን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም፤ ኤል ዶፓ ግን ያልፋል።

ካርልሰን ይህን በ1960 ለንደን በተደረገ ጉባኤ ሲያቀርብ በርካቶች ተጠራጠሩት። ከተጠራጣሪዎቹ መካከል በዕድሜ የገፋው ዴል ራሱ ነበረበት። ቢሆንም መልሱ በዚያው ዓመት ከቪየና መጣ። ኦሌህ ሆርኒኪዬቪች በፓርኪንሰን ሕመም የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምር እንቅስቃሴን በሚያስተካክለው ክፍል ውስጥ የነበረው ዶፓሚን ክፉኛ ተሟጦ አገኘው። በ1961 ሐኪሙ ቫልተር ቢርክማየር ለታካሚዎች ኤል ዶፓ በደም ሥር ሰጠ። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ተነሥተው ቆሙ፤ የቆሙትም ተራመዱ። ኃይሉ ቶሎ ያልቅ ነበርና በ1967 አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ኮትዚያስ መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደገ በአፍ ሲሰጥ ለረጅም ጊዜ እንደሚያገለግል አሳየ። መድኃኒቱ ዛሬም የፓርኪንሰን ዋና ሕክምና ነው። በሽታውን አያቆመውም፤ ከዓመታት በኋላም ሳይፈለግ የሚመጣ የሰውነት መወዛወዝ ሊያስከትል ይችላል።

የዶፓሚን ሌላው ገጽ የታየው በአእምሮ ሕሙማን ላይ ነው። ከ1952 ጀምሮ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ከሰው የተለየ ድምፅ የሚሰሙ ሕሙማንን ያረጋጋ ነበር። ካርልሰንና ማርጊት ሊንድክቪስት በ1963 መድኃኒቱ ሳይሠራ አይቀርም ያሉት ተቀባዩን በመዝጋት ነው። ይህን መድኃኒት በብዛት የሚወስድ ሰው አንዳንዴ እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ የሚገተረው ለዚህ ነው። ዶፓሚኑ አለ፤ እንቅስቃሴን በሚያስተካክለው ክፍል ያሉት ተቀባዮች ግን አብረው ተዘግተዋል።

በእነዚያው ዓመታት ኒው ዮርክ ውስጥ ኢፕሮኒያዚድ የተባለ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ከሳንባቸው መዳን የበለጠ ደስ ደስ ሲላቸው ታየ። መድኃኒቱ ኖርአድሬናሊንንና ሴሮቶኒን የተባለውን ሌላ መልእክተኛ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ታወቀ። በ1961 ገደማ ጁሊየስ አክስልሮድ መልእክተኛ ሁሉ በኢንዛይም ብቻ እንደማይወገድ አሳየ፤ ኖርአድሬናሊን በአብዛኛው ወደ ለቀቀው ነርቭ ተመልሶ ይሰበሰባል። አክስልሮድ ከካትዝና ኖርአድሬናሊን የነርቭ መልእክተኛ መሆኑን ካሳወቀው ኡልፍ ፎን ኦይለር ጋር በ1970 ኖቤልን ተካፈለ። ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይሰበሰብ የሚያግደው ፍሉኦክሰቲን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ለድብርት ሕክምና ተፈቀደ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። መድኃኒቱ የሴሮቶኒንን መሰብሰብ የሚያግደው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ታካሚው የሚሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ድብርት «የሴሮቶኒን ማነስ» ነው የሚለው አባባል ይህን መዘግየት አያብራራም።

ዝነኞቹ መልእክተኞች እነዚህ ቢሆኑም የአንጎልን የዕለት ሥራ የሚሸከሙት ሌሎች ሁለት ናቸው። ግሉታሜት አብዛኛውን ጊዜ ያነሣሣል፤ በ1950 በአንጎል ውስጥ የታወቀው ጋባ ደግሞ ያግዳል። የሚጥል በሽታን የሚያስታግሱ፣ እንቅልፍ የሚያመጡና ለቀዶ ሕክምና የሚያደነዝዙ ብዙ መድኃኒቶች የሚሠሩት የጋባን ተቀባዮች በማገዝ ነው።

ከዕፅ ወደ አንጎል፣ ከአንጎል ወደ ተስፋ

በ1973 ካንዲስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር ባልቲሞር ውስጥ ሞርፊን የሚያርፍበትን ተቀባይ በአንጎል ውስጥ ለይተው አሳዩ። ጥያቄው ራሱ መጣ፤ አንጎል ሞርፊን ለሚገኝበት ለፖፒ አበባ ወተት ተቀባይ ያዘጋጀው ለምንድን ነው? በ1975 አበርዲን ውስጥ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል ኤንከፋሊን የተባሉትን መልእክተኞች አወጡ። ተቀባዩ የተሠራው አንጎል ራሱ ለሚያመርተው ማስታገሻ ነበር፤ ሞርፊን የሰው ቦታ ወሮ የተቀመጠ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ለእኛ ቅርብ የሆኑት ሁለት ተክሎችም ምሥጢራቸው ይገለጣል። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከጫት ቅጠል የተለየው ካቲኖን የነርቭ ጫፎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን እንዲለቁ ያስገድዳል፤ ምርቃናው የዚህ ውጤት ነው። ቡና ግን የሚሠራው በሌላው ጫፍ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ድካምን ያሳውቃል። ካፌይን የአዴኖሲንን ተቀባይ ይይዛል፤ ግን አይቀሰቅሰውም። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱን የሚቀበለው ቦታ ግን ተይዟል።

በ1990ዎቹ ስዊዘርላንድ ፍሪቡር ውስጥ ቮልፍራም ሹልትዝ የዝንጀሮዎችን ዶፓሚን አመንጪ ሴሎች እያዳመጠ ጭማቂ ይሰጣቸው ነበር። ጭማቂው ሳይጠበቅ ሲመጣ ሴሎቹ ይነቃቃሉ። ዝንጀሮው ከጭማቂው በፊት የሚመጣውን ምልክት ከለመደ በኋላ ግን ሴሎቹ የሚነቃቁት ለምልክቱ ነው፤ ጭማቂው ሲደርስ ዝም ይላሉ። የተጠበቀው ጭማቂ ሲቀር ደግሞ ከወትሯቸው በታች ይወርዳሉ። ሴሎቹ የሚያሳውቁት ከተጠበቀውና ከሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ይህ ግኝት ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው «የደስታ ኬሚካል» ከሚለው ወሬ ጋር አይስማማም። በካርልሰን ጥንቸሎች ውስጥ ዶፓሚን መንቀሳቀስ ነበር። በሹልትዝ ዝንጀሮዎች ውስጥ ከተጠበቀው መብለጥ ወይም ማነስ ነው። ከአንጎል ሥር ወዳለው ፒቱታሪ ዕጢ ሲደርስ ደግሞ ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያዘውን ሆርሞን ያግዳል። አሴቲልኮሊንም እንዲሁ ልብን ያዘገያል፤ የክንድን ጡንቻ ግን ያኮማትራል። ያው የበር ኳኳታ ለአንዱ ቤት እንግዳ፣ ለሌላው ባለዕዳ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ መልእክተኛ ስንሰማ መጠየቅ ያለብን ምን ያህል አለ ብለን ብቻ አይደለም። የት ተለቀቀ፣ ማን ተቀበለው፣ ምን ያህል ቆየ ብለንም ነው። ላንግሊ በ1905 በአንድ የዶሮ ጡንቻ ላይ የጀመረው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ያለ እሱ ዶፓሚን ጨምሩ ወይም ሴሮቶኒን ቀንሱ የሚል ምክር ሁሉ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው።